ኮምፒውተሩ የቆጠረው ጦርነቱን ነው ወይስ ዜናውን?

በኤፕሪል 2014 ቦኮ ሐራም ናይጄሪያ ውስጥ ቺቦክ ከምትባል ከተማ 276 ሴት ተማሪዎችን ከትምህርት ቤታቸው አፍኖ ወሰደ። ዓለም ስለ ልጆቹ በሚያወራበት በዚያ ሰሞን፣ በዳታ ጋዜጠኝነት የሚታወቅ አንድ የአሜሪካ ድረ ገጽ ግራፍ ይዞ ብቅ አለ። በግራፉ መሠረት ናይጄሪያ ውስጥ አፈና ከዓመት ዓመት ሽቅብ እየተተኮሰ ነበር። አፈናው የት የት እንደተፈጸመ የሚያሳይ ካርታም ተጨምሮበታል። ቁጥሮቹ የመጡት ጂዴልት ከሚባል ግዙፍ የዳታ ቋት ነው። ጂዴልት የዓለምን ዜና ቀን ከሌት እያነበበ "ማን፣ በማን ላይ፣ ምን አደረገ፣ የት?" እያለ የሚመዘግብ ሥርዓት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ግራፉ ያምር ነበር። ግን ጂዴልት አፈና ቆጥሮ አያውቅም። የሚቆጥረው ስለ አፈና የተጻፈን ዜና ነው። አንድ አፈና በአሥር ጋዜጣ በአሥር ዓይነት አገላለጽ ከተዘገበ፣ ማሽኑ እንደ ብዙ አፈና ሊይዘው ይችላል። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ዜና ራሱ እየበዛ ስለሄደ፣ ባለበት የቆመ ነገር እንኳ የጨመረ ይመስላል። ካርታው ደግሞ ባሰ። ዜናው "ናይጄሪያ ውስጥ" ብሎ ቦታውን ካልጠቀሰ፣ ሶፍትዌሩ ነጥቡን የሚያስቀምጠው የአገሪቱ መሀል ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ካርታ ላይ ብቻ ያለ የአፈና መናኸሪያ ተፈጠረ። ዘርፉን የሚያውቁ ሰዎች ጮኹ። ድረ ገጹም ስህተቱን አምኖ ማረሚያ አወጣ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ማሽኖቹም እጅግ ጎብዘዋል። ፖለቲካን በኮምፒውተር ማጥናት ሲነሣ ግን አሁንም ወሬው ሁሉ ስለ አልጎሪዝሙ ነው። የትኛው ሞዴል ይሻላል? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጦርነትን ቀድሞ ያውቃል ወይ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ የሚያነበውን መዝገብ ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ሳይጻፍ የቀረውስ?

ፖለቲካን በስሌት የማጥናት ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። በ2009 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ የተለያዩ ሙያዎች ተመራማሪዎች ተሰባስበው ስሌታዊ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚባል ዘርፍ እየተወለደ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ስሙ ያኔ ይጠንክር እንጂ ሥራው ከኮምፒውተር በፊት ነው የጀመረው።

ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን እንግሊዛዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው የአየር ትንበያ የሚሠራበትን የስሌት መንገድ ከቀየሱት አንዱ እሱ ነው። የኩዌከር እምነት ተከታይ ስለነበር ጠመንጃ አልያዘም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኛ የሚያመላልስ አምቡላንስ ሲነዳ ከረመ። ከዚያ በኋላ ራሱን አንድ ነገር ጠየቀ። አውሎ ነፋስን በቀመር ማስላት ከተቻለ ጦርነትንስ?

ያለ ኮምፒውተር፣ በእጁ፣ ከ1820 ጀምሮ የነበሩ ጦርነቶችን አንድ በአንድ ለቀመ። "ጦርነት" እና "ግድያ" ብሎ አልለየም። ሁሉንም "ገዳይ ጠብ" ብሎ በሟች ብዛት ደረጃ ሰጣቸው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚለካው ማለት ነው። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አናት ላይ ተቀመጡ። እሱ በለቀመው ዘመን በገዳይ ጠብ ካለቀው ሰው 60 በመቶ ገደማውን የጨረሱት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ጦርነቶች የሚጀመሩበትን ጊዜ ሲደረድረው ደግሞ እንደ ሎተሪ ዕጣ የተበተነ ሆኖ አገኘው። ጥርት ያለ ዑደት የለም፤ "በየሃያ ዓመቱ ይመጣል" የሚባል ነገርም የለም። ይሄ ግኝት ዛሬም የትንበያ ሰዎችን እንቅልፍ ይነሳል።

ለእኔ ከሪቻርድሰን ሥራ ከሁሉም የሚጥመኝ ግን የድንበሩ ነገር ነው። ጎረቤት አገሮች ረጅም ድንበር ሲጋሩ ይበልጥ ይዋጉ እንደሆነ ሊያጣራ ፈለገ። ቀላል ነው፤ የድንበሩን ርዝመት ከመጽሐፍ መገልበጥ ብቻ ነው። መጻሕፍቱን ሲገልጥ የስፔንና የፖርቱጋል ድንበር አንድ ቦታ 987 ኪሎ ሜትር፣ ሌላ ቦታ 1,214 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፎ አገኘ። ያው አንድ ድንበር! ምክንያቱን ሲያጠና፣ መለኪያው ባጠረ ቁጥር እያንዳንዷ ጠመዝማዛ ስለምትገባ ርዝመቱ እየጨመረ እንደሚሄድ ደረሰበት። የሒሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንደልብሮት የፍራክታልን (አቅርበው ባዩት ቁጥር ተመሳሳይ ጠመዝማዛ የሚወጣውን ቅርጽ) ሐሳብ ሲያዳብር በኋላ የተንተራሰው በዚህ ላይ ነው። የሒሳብ ሰዎች በዚህ ይኮራሉ። ለፖለቲካ አጥኚ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ ከጀርባው አንድ ማስመሪያ የያዘ ሰው አለው።

ለምሳሌ "ጦርነት" ራሱ ምንድን ነው? ዴቪድ ሲንገር በ1963 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ትልቅ የጦርነት መዝገብ፣ ጦርነት ለመባል 1,000 በውጊያ የሞተ ሰው ይጠይቃል። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዓመት 25 ሰው ከሞተ "የትጥቅ ግጭት" ብሎ ይመዘግባል፤ 1,000 ሲሞላ ነው ጦርነት የሚለው። ሁለቱም የተከበሩ መዝገቦች ናቸው። መስመር የግድ የሆነ ቦታ ላይ መሰመር አለበት፤ ያለዚያ ምንም አይቆጠርም። ግን "ጦርነት በዓለም ላይ ቀነሰ" ወይም "ጨመረ" የሚል አርዕስት ስታዩ፣ 999 ሰው የሞተበት ቦታ የት እንደገባ መጠየቅ አይከፋም።

የባሰው ግን ቆጣሪው ጭራሽ የማይደርስበት ቦታ ነው። ኒልስ ዋይድማን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ2016 አንድ ብልህ ንጽጽር አሳተመ። አፍጋኒስታን ላይ ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ከዜና የተለቀመ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ ጦር የራሱ የውስጥ ሪፖርት ነው። ጦሩ የመዘገባቸው ብዙ ጥቃቶች ዜና ላይ የሉም። ደግሞም እንዲያው በዘፈቀደ አልጠፉም። የሞባይል ኔትወርክ ባለበት ቦታ የተፈጸመ ጥቃት ዜና የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ደውሎ የሚናገር ሰው አለ። እንግዲህ በዜና ዳታ ብቻ "ሞባይል ስልክ ግጭትን ያባብሳል ወይ?" ብሎ የሚያጠናን ሰው አስቡት። ኔትወርክ ባለበት ብዙ ግጭት ያያል። ያየው ግን ግጭቱን ይሁን የስልክ ጥሪውን መለየት ይቸግረዋል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሥራ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? በፍጹም። ማሽኑ ጉልበቱን የሚያሳየው ፖለቲካው ራሱ አሻራውን ጥሎ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ጋዜጠኛ መሀል ሳይገባ፣ ፖለቲከኛው በገዛ እጁ የተወው ምልክት ማለቴ ነው።

አንዱ የድምፅ አሰጣጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 193 አባላት አሉት። እያንዳንዱ አገር ለዓመታት "ድጋፍ"፣ "ተቃውሞ"፣ "ድምፀ ተአቅቦ" ሲል የኖረበት መዝገብ ተቀምጧል። ኪት ፑልና ሃዋርድ ሮዘንታል በ1980ዎቹ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን በድምፃቸው ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ የሚደረድር ዘዴ አበጁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች በብዙ ጉዳይ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጡ በመስመሩ ላይ ይቀራረባሉ፤ ከተለያዩ ይራራቃሉ። ማንም ማንንም "ወግ አጥባቂ" ወይም "ለዘብተኛ" ብሎ ሳይሰይም መስመሩ ከድምፁ ይወጣል። ይሄው ሐሳብ በኋላ ወደ አገሮች ተሻገረ።

እዚህም ግን ወጥመድ አለ። አንድ ዓመት ጉባኤው ስለ መካከለኛው ምሥራቅ ብዙ የውሳኔ ሐሳብ ቢያቀርብ፣ አሜሪካና ብዙ አገሮች የተራራቁ ይመስላሉ። አንዳቸውም አቋማቸውን አልለወጡም፤ የተለወጠው አጀንዳው ነው። በ2017 ማይክል ቤይሊ፣ አንቶን ስትሬዥኔቭና ኤሪክ ቮተን ለዚህ መላ ዘየዱ። ከዓመት ዓመት ይዘታቸው ሳይለወጥ የሚመለሱ የውሳኔ ሐሳቦች አሉ። እነሱን እንደ ድልድይ ተጠቅመው የአጀንዳውን ለውጥ ከአቋም ለውጥ ለዩ። በእኔ ግምት ዘርፉ ካፈራቸው ጥሩ ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው። ከሒሳቡ ይልቅ የጉባኤውን አሠራር ማወቃቸው ነው የረዳቸው።

አሠራሩን የማያውቅ ሰው የት እንደሚወድቅ ላሳያችሁ። ማርች 2 ቀን 2022 ጠቅላላ ጉባኤው ሩሲያ ዩክሬንን መውረሯን በሚመለከት ድምፅ ሰጠ። 141 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሲደመር 181 ነው። 12 አገሮች ጭራሽ ድምፅ አልሰጡም። እነዚህን 12 ምን እንበላቸው? ኮምፒውተሩ "ባዶ" ብሎ ያልፋቸዋል። ዲፕሎማት ግን አዳራሽ ውስጥ አለመገኘት አንዳንዴ በጥንቃቄ የተመረጠ መልስ መሆኑን ያውቃል። አንዳንዴ ደግሞ መዋጮ ስላልከፈሉ ድምፅ የመስጠት መብት ታግዶባቸው ይሆናል። ወይም ተወካዩ በቃ አልመጣም። ሦስቱም ሰንጠረዡ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ናቸው። ይህ አልበቃ ብሎ፣ አብዛኞቹ የጉባኤው ውሳኔዎች ያለ ድምፅ ብልጫ በስምምነት ስለሚያልፉ መዝገቡ ውስጥ የሚታየው ጠብ ያለበት ብቻ ነው።

ሌላው አሻራ ማጥፋት ነው። ቻይና ውስጥ ሳንሱር ምን እንደሚያጠፋ ማን ያውቃል? የጠፋ ነገር አይታይማ። ጋሪ ኪንግ፣ ጄኒፈር ፓንና ማርጋሬት ሮበርትስ አንድ ዘዴ መጣላቸው። ጽሑፎችን ልክ እንደወጡ፣ ሳንሱሩ ሳይደርስባቸው በኮምፒውተር መሰብሰብ። ከዚያ እየተመለሱ የትኛው እንደጠፋ ማየት። በ2013 ያሳተሙት ውጤት ብዙ ሰው የገመተውን ገለበጠ። መሪዎችን መሳደብ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የሚጠፋው ሰው አደባባይ እንዲወጣ ሊያሰባስብ የሚችል ጽሑፍ ነው፤ መንግሥትን የሚደግፍ ቢሆን እንኳ። ባለሥልጣኑ ማጥፊያውን በተጫነ ቁጥር የሚፈራውን ነገር እየነገራቸው ነበር።

የሩሲያ ምርጫም እንዲሁ። ዲሚትሪ ኮባክና ባልደረቦቹ ከየምርጫ ጣቢያው የወጣውን ውጤት መረመሩ። በተፈጥሮው የመቶኛ ቁጥር ሽርፍራፊ ነው፤ 73.4፣ 81.7 እያለ ይሄዳል። ከ2004 ወዲህ ግን ልክ 75፣ ልክ 80፣ ልክ 85 በመቶ የሚሉ ጣቢያዎች በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው እጅግ በዝተው ተገኙ። ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። አንድ ሰው መጀመሪያ "80 ይሁን" ብሎ ከወሰነ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ድምፁን ያሰላል። የሰው ልጅ ክብ ቁጥር ይወዳል። ያቺ ፍቅር አጋለጠችው።

ከሰማይ የሚመጣ መዝገብም አለ። ሉዊስ ማርቲኔዝ በ2022 የታተመ ጥናቱ አገሮች "ኢኮኖሚያችን ይህን ያህል አደገ" የሚሉትን ከሳተላይት ከሚታየው የሌሊት ብርሃን ጋር አነጻጸረ። ብርሃኑ የሚዋሽለት አለቃ የለውም። አምባገነን መንግሥታት ዓመታዊ የዕድገት ቁጥራቸውን በ35 በመቶ ገደማ እንደሚያጋንኑ ገመተ። አስተውሉ፣ የተጋነነው የዕድገቱ መጠን እንጂ የኢኮኖሚው ጠቅላላ ልክ አይደለም። ዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ አይቻለሁ።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1963 ፍሬድሪክ ሞስተለርና ዴቪድ ዋላስ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ክርክር ወቅት ከታተሙት 85 የፌደራሊስት ጽሑፎች ውስጥ ባለቤታቸው የሚያከራክረውን 12ቱን ማን እንደጻፋቸው በቃላት ቆጠራ መለሱ። ትልልቅ ቃላትን ትተው ማንም ልብ የማይላቸውን ትንንሾቹን ቆጠሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ሃሚልተን "አፖን" ("ላይ" እንደማለት) የምትለዋን መስተዋድድ በሺህ ቃላት ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ይጠቀማል፤ ሌላው ጸሐፊ ጄምስ ማዲሰን ግን እምብዛም አይነካትም። መልሱ ማዲሰን ሆነ።

ይሄ በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ቃላቱን በባዶ ቦታ ለያይቶ ያስቀምጣላ። አማርኛ ላይ ያንኑ ፕሮግራም አስነሡት እስቲ። "ስላልተስማሙባቸው" የምትለዋን ውሰዱ። ምክንያቱ፣ አሉታው፣ ድርጊቱ፣ አድራጊዎቹና የተጣሉበት ጉዳይ ሁሉ አንድ ላይ ታጭቀዋል። ቆጣሪው ይህን እንደ አንድ አዲስ ቃል ያየዋል፤ "ተስማሙ" ከሚለው ጋር ዝምድና እንዳለው አያውቅም። አሉታዋ "አል" ደግሞ መሀል ላይ ተሸጉጣለች። "ሕዝብ" እና "ህዝብ"፣ "ዓለም" እና "አለም" ለማሽኑ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። "ጸጥታ" ማለት ዝምታ ይሁን የደኅንነት ጉዳይ ከዐውዱ ነው የሚታወቅ። ተመራማሪው ሁሉንም መጀመሪያ በማሽን ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው ካለ፣ የጸጥታው ምክር ቤት "የዝምታው ምክር ቤት" ሆኖ ሊመጣለት ይችላል። (አንዳንዴ ትክክለኛ ስሙ ይሄ ነው የሚሉም አይጠፉም።)

ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች መጥተው ይህን ችግር አቅልለውታል። በ2023 የታተመ አንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ቻትጂፒቲ ጽሑፎችን በርዕስና በአቋም ሲመድብ በኢንተርኔት ከሚቀጠሩ ሠራተኞች በልጦ እንደተገኘ አሳይቷል። ድሮ ለወራት ተማሪ ቀጥሮ የሚሠራ ሥራ አሁን በአንድ ቀን ያልቃል። ግን አሁንም ወደ መዝገቡ ልመልሳችሁ። እነዚህ ሞዴሎች ያደጉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ስለ አንድ ግጭት የሚያውቁት በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያህል ነው። ኩባንያው ሞዴሉን ሲቀይረው ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት ያገኛችሁትን ውጤት ዘንድሮ ላታገኙት ትችላላችሁ።

መዝገብ ጭራሽ የማይፈልግ መንገድም አለ፤ ዓለሙን ራሱን ኮምፒውተር ውስጥ መፍጠር። ሮበርት አክሰልሮድ በ1980 ገደማ ባዘጋጀው ውድድር ምሁራን ስለ ትብብርና ክህደት የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን ላኩ። ያሸነፈችው ከሁሉም አጭሯ፣ የአናቶል ራፖፖርት ፕሮግራም ነበረች። መጀመሪያ ትተባበራለች፤ ከዚያ ሌላው ያደረገውን መልሳ ታደርጋለች። በሁለተኛው ዙር 62 ተወዳዳሪዎች ቀርበው ደግማ አሸነፈች። ለዓመታት ይህች ፕሮግራም ለዲፕሎማሲ እንደ መመሪያ ተጠቅሳለች። ውድድሩ ላይ ግን አንዱ የሌላውን እርምጃ በትክክል ያያል። እውነተኛው ዓለም ላይ በስህተት የተተኮሰ ጥይት አለ፤ ያኔ ሁለት እንዲህ ዓይነት ተጫዋቾች ማባሪያ ወደሌለው ብድር መመላለስ ይገባሉ። በ2024 ደግሞ ተመራማሪዎች የቋንቋ ሞዴሎችን እንደ መንግሥታት አድርገው አጫወቷቸው። ሞዴሎቹ ግጭትን የማባባስ ዝንባሌ አሳዩ፤ አልፎ አልፎ ኑክሌር እስከ መተኮስ ደረሱ።

ሰው ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ግን ትንበያውን ነው። "የት ይፈነዳል?"

በ1994 በያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ጥያቄ፣ በሲአይኤ ገንዘብ፣ አገሮች መቼ እንደሚፈርሱ የሚያጠና የምሁራን ቡድን አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ። ብዙ መቶ መለኪያዎችን ሞከሩ። በ2010 ባሳተሙት ጥናት የተረፉት አራት ናቸው፤ የመንግሥቱ ዓይነት፣ የሕፃናት ሞት፣ ግጭት ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች ብዛት፣ መንግሥት በአንድ ወገን ላይ የሚያደርሰው አድልዎ። በእነዚህ አራት ብቻ ሁለት ዓመት ቀድመው ከ80 በመቶ በላይ በትክክል መለየት ቻሉ።

80 በመቶ! ጥሩ ይመስላል። እስቲ በምሳሌ እናስላው። 160 አገሮች አሉ እንበል፤ ከእነሱ 5ቱ ወደ ቀውስ ይገባሉ። ሞዴሉ ከ5ቱ 80 በመቶውን ማለትም 4ቱን ይይዛል። ደስ ይላል። ሰላም የሚሆኑት 155 ናቸው። ከእነሱ 80 በመቶውን በትክክል "ሰላም" ካለ፣ 20 በመቶውን ማለትም 31ዱን በስህተት "አደጋ ላይ ናቸው" ይላል። ባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው የ35 አገሮች ዝርዝር ነው። ከእነሱ እውነተኛው 4 ነው። በጀቱን ለማን ይስጥ?

በዚያ ላይ የሕፃናት ሞት ቁጥር በአንድ ወር ውስጥ አይዘልም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞዴል "የት" የሚለውን ይነግራችኋል እንጂ "መቼ" የሚለውን አያውቅም። ይህን ለማሻሻል በ2017 ኡፕሳላ ላይ ቪውስ የሚባል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተጀመረ። ካርታውን በግማሽ ዲግሪ ሳጥኖች ይከፋፍላል፤ በምድር ወገብ አካባቢ አንዱ ሳጥን በየጎኑ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየወሩ እስከ 36 ወር ድረስ ያለውን ይተነብያል። ሥራው ግልጽ ነው፣ ዘዴውንም አይደብቅም። ግን ሁሉም የዘርፉ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ለነገ ግጭት ከሁሉም የተሻለው ጠቋሚ የትናንት ግጭት ነው። ትናንት ሲዋጉ የነበሩት ነገም ይዋጋሉ። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አስቸጋሪው ለዘመናት ጸጥ ብሎ የኖረው ቦታ ድንገት ሲነድ ነው፤ እዚያ ላይ ሞዴሎቹ እስካሁን ይቸገራሉ።

አዳዲሶቹ የማሽን ለርኒንግ ዘዴዎች ይህን ግድግዳ ሰበሩት የሚሉ ጥናቶች ወጥተው ነበር። በ2023 የፕሪንስተኖቹ ሳያሽ ካፑርና አርቪንድ ናራያናን መርምረው ጉድ አወጡ። የእርስ በርስ ጦርነትን በመተንበይ አዲሱ ዘዴ አሮጌውን በሰፊው ይበልጣል ያሉት ጥናቶች ዳታ አፍስሰዋል። ምን ማለት ነው? ማሽኑ የሚማርበት ክፍልና የሚፈተንበት ክፍል መለያየት አለባቸው። እነሱ ግን ለምሳሌ ሰንጠረዡ ላይ የጎደሉ ቁጥሮችን ሲሞሉ ሁለቱን ክፍሎች ቀላቅለው ነው የሞሉት። ፈተናው ቀድሞ እጁ የገባ ተማሪ መቶ ከመቶ ቢያመጣ ማን ይገረማል? ስህተቱ ሲታረም ብልጫው ተነነ። አዲሶቹ ውስብስብ ሞዴሎች ከአሥርት ዓመታት በፊት ከነበረው ተራ የስታቲስቲክስ ቀመር ብዙም አልተሻሉም።

የትንበያ ሌላ ጣጣ ደግሞ አለ። ማስጠንቀቂያው ተሰምቶ ሽማግሌ ቢላክ፣ ግጭቱም ቢቀር፣ መዝገቡ ላይ ሞዴሉ "ተሳስቷል" ተብሎ ይጻፋል። ሪቻርድሰን ዝናብ ሲተነብይ ዝናቡ አይሰማውም ነበር። መንግሥታት ግን ትንበያውን ያነቡታል።

አንብበውም ያበላሹታል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ከ1967 ጀምሮ በሺዎች ለሚቆጠሩ መንደሮች በየወሩ ከኤ እስከ ኢ ውጤት እየሰጡ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡ ነበር። የትኛው መንደር በእጃችን ነው፣ የትኛው በጠላት? ቅጹን የሚሞላው በየወረዳው የተመደበው አማካሪ ነው። አለቆቹ የሚጠብቁት መሻሻል ነው። የእሱም ሥራ የሚለካው በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲሻሻል፣ ሲሻሻል ቆየና በጃንዋሪ 1968 መጨረሻ የቴት ጥቃት የሚባለው የኮሚኒስቶቹ ግዙፍ ዘመቻ በመላ ደቡብ ቬትናም ፈነዳ። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የተሰጠውን በትክክል ደምሯል።

ዛሬ ያለው ችግር ደግሞ መዝገቡን ማየት አለመቻል ነው። ትዊተር በ2021 ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙሉ ማኅደሩን በነፃ ከፍቶ ነበር። ባለቤቱ ከተቀየረ በኋላ በ2023 በሩ ተዘጋ፤ አሁን በገንዘብ ነው። ፌስቡክ ላይ ምን እንደሚሰራጭ ለማየት ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ክራውድታንግል በኦገስት 2024 ተዘግቷል። የአውሮፓ ኅብረት በሕግ ለማስከፈት እየሞከረ ነው። እስካሁን ግን የፖለቲካ ንግግር የሚካሄድበት አደባባይ የግል ኩባንያ ግቢ ነው፤ ቁልፉም በኩባንያው ኪስ ነው።

ያለፉት ዓመታት ጥናቶችም ሳይቀሩ ተነክተዋል። የትዊተር ደንብ ተመራማሪዎች የሰበሰቡትን ጽሑፍ እንዳለ እንዲያጋሩ አይፈቅድም ነበር። የሚፈቀደው የእያንዳንዱን ጽሑፍ መለያ ቁጥር ማጋራት ነው፤ ማጣራት የፈለገ በቁጥሩ ጽሑፉን ራሱ ያወርዳል። አሁን ስለ አንድ ምርጫ ወይም ስለ አንድ ተቃውሞ በ2021 የተሠራን ጥናት ላጣራ የሚል ሰው ፋይሉን በነፃ ያገኛል። ሲከፍተው ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው። ጽሑፎቹን ልያቸው ካለ በመጀመሪያ ይክፈል። ከፍሎም ቢሆን የተሰረዙት አይመለሱለትም።